ቀይ ሠላሳ አንድ፣ ጥቁር ሠላሳ አንድ

ኦርኔላ ባርታሌዚ ራሷ የጻፈችውን የጉብኝት መመሪያ ይዛ፣ የተወለደችበትን ከተማ እንደ እንግዳ ለመዞር የወጣችው በሚያዝያ ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ሐሳቡ የእሷ አልነበረም። መመሪያው ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ሲል የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ኒቬስ፣ «ከመታተሙ በፊት አንዴ በእግርዎ ያንብቡት» ብላት ነው። ኦርኔላ አነጋገሩን እንደ ድፍረት ቆጥራው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ቋንቋና ታሪክ አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ አንድ ገጽ ከእጇ ከማውጣቷ በፊት ሦስት ጊዜ የምታነብ ሴት ናት። ቢሆንም ሄደች፤ የሄደችው ኒቬስ እንዳልተሳሳተች ሳይሆን እሷ እንዳልተሳሳተች ለማረጋገጥ ነበር።

መመሪያው ከአርኖ ወንዝ ማዶ ያለውን የፍሎረንስ ሰፈር ያለ አስጎብኚ፣ በገዛ እግራቸው ለሚዞሩ እንግዶች የተሰናዳ ነው። ስምንት መቆሚያዎች፣ አንድ ካርታ፣ አራት ቋንቋ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ያዘጋጀችው ኦ. ባርታሌዚ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ አለ። የሰፈሩ ማኅበር ስሟ ጎላ ብሎ እንዲወጣ ፈልጎ ነበር፤ እንዲያንስ ያደረገችው እሷ ናት። ማነሱን ሰዎች እንዲያስተውሉላት ግን ትወድ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አምስት መቆሚያዎች አላሳፈሯትም። ፊቱ ሳይለበጥ ለዘመናት የቀረውን ቤተ ክርስቲያን፣ ጥግ ላይ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠችውን ማርያምን፣ ቀድሞ ከተማዋን ያጥለቀለቀው የጎርፍ ውኃ የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳየውን የግድግዳ ምልክት፣ ሁሉንም ወረቀቱ በሚለው ቦታ አገኘቻቸው። ከጎርፉ ምልክት ዘንድ ሁለት ረጃጅም ባልና ሚስት ቆመው ነበር። ከሰሜን አገር የመጡ ይመስላሉ። ባልየው ከመመሪያው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሚስትየው እጇን ዘርግታ ምልክቱን ለመንካት ትሞክራለች፤ ረጅም ሆናም አልደረሰችበትም። ኦርኔላ ከኋላቸው ራቅ ብላ ቆመች። የጻፈችው ነገር በሰው አፍ ሲነበብ መስማት ደስ አሰኛት፤ ደስታዋንም ለራሷ እንኳ ሳትገልጠው ተከተለቻቸው።

ስድስተኛው መቆሚያ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ነው። ቪያ ዴሎ ስታዮ በሚባለው ጠባብ ጎዳና የሥዕል ክፈፎችን በወርቅ የሚለብጥ ባለሙያ አለ። ስለ እሱ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ «ሠላሳ አንድ ቁጥር። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ደውሉ። ባለሙያው መጀመሪያ ላይ ቆጣ ይልባችኋል፤ አትመኑት፣ የሰፈራችን ሰው ጠባዩ ነው። ደግማችሁ ደውሉ።» ይህን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስታነበው ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። ሰውን በጽሑፍ አስቃ ስለማታውቅ ያ ሳቅ ለሳምንት ያህል በጆሮዋ ቆይቷል።

ባልና ሚስቱ ጎዳናው መግቢያ ላይ ደርሰው ወደ ግራ ታጠፉ። ወርቅ ለባጩ በቀኝ በኩል ነው። ኦርኔላ እንግዶች ቁጥር መከተል አይችሉም ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ወረቀቱን አየች።

በፍሎረንስ የመኖሪያ ቤት ቁጥር ጥቁር ነው፤ የሱቅና የሥራ ቤት ቁጥር ቀይ። ሁለቱ ለየብቻቸው ስለሚቆጠሩ በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ሠላሳ አንድ ይኖራሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ አንዳንዴ ሃያ በር ይገባል። ይህን ለከተማው ልጅ ማንም አያስተምረውም፤ የራሱን በር ለይቶ ካወቀበት ዕድሜ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። ኦርኔላም በእጅ ጽሑፏ ላይ ቁጥሩን በቀይ ቀለም ጽፋው ነበር፤ ቀይ ማለት ምን እንደሆነ መጻፍ ግን ጨርሶ አልታሰባት። ሌሎቹ መቆሚያዎች ቤተ ክርስቲያን ወይም አደባባይ ስለሆኑ ቁጥር ያለው ይኸው አንዱ ብቻ ነበር። ኒቬስ፣ «ይቺ ቁጥር ቀይ ሆና ትውጣ አይደል?» ስትላት የመለሰችላት ቃል በቃል ትዝ አላት። «በጥቁር ቀለም በተጻፈ ገጽ ላይ አንዲት ቀይ ነገር የገበያ ማስታወቂያ ታስመስለዋለች። ጥቁር ትሁን።» ኒቬስ፣ «ቁጥሩ ግን…» ብላ ጀምራ ነበር። «ጽሑፉን ለእኔ ተዪልኝ፣ ኒቬስ» አለቻት።

መመሪያው በየሆቴሉ ከተሰራጨ ሰባት ወር ሆኖታል።

ቀና ስትል ረጅሙ ሰው ጥቁር ሠላሳ አንድ በር ላይ ቆሞ ደወሉን ተጭኗል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የመስኮቱ መዝጊያ ተከፈተና ነጭ ፀጉር ያለው ሽማግሌ ብቅ አለ።

«እዚህ አይደለም» አለ። «ወርቅ የለም፣ ክፈፍ የለም። እኔና ሚስቴ ብቻ ነን።»

ረጅሙ ሰው በደስታ ወደ ላይ ፈገግ አለ፤ ለሚስቱ ወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር አሳያትና ደግሞ ደወለ።

«ደውል፣ ደውል» አለ ሽማግሌው። «ወረቀቱ ደግማችሁ ደውሉ ይላላ። እኔም ወጉ እንዳይቀርባችሁ ቆጣ ብያለሁ።» ከዚያ ኦርኔላን አያት፤ በእጇ ያለውንም አየ። «ሦስተኛዋም መጣች። አንቺም ይዘሻል? ያዢ፣ ያዢ።»

ያን ጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። ኦርኔላ ዓረፍተ ነገሯን አሰናድታ አፏን ከፈተች። ነገር ግን ሽማግሌው ከላይ፣ እንግዶቹ ከጎን ያዩአታል፤ ወረቀቱ በእጇ ነው፤ ስሟ ከወረቀቱ ግርጌ አለ። ከአፏ የወጣው እሷም የማታውቀው ነገር ሆነ።

«አይገባኝ» አለች፤ የገዛ ቋንቋዋን እንደ ባዕድ ሰብራ።

ተማሪዎቿን አንዲት አናባቢ ቢስቱ ከመቀመጫቸው የምታስነሳ ሴት ነበረች። ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ ቃሉን መመለስ ግን ከቅድሙ ይልቅ አሁን ከበዳት።

«አውቃለሁ እንደማይገባሽ» አለ ሽማግሌው ሳይቆጣ። «ቆዩ፤ መጣሁ።»

ደረጃውን ሲወርድ ከውጭ ይሰማል፤ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ከዘራ፣ ቀጥሎ ዝምታ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። በሩ ላይ ተለጥፎ የነበረ፣ የተቀደደ ማስታወቂያ ጠርዝ ይታያል። ሽማግሌው ሲወጣ በቤት ጫማው ነበር፤ የሹራቡ ቁልፎች አንድ አንድ ዘለው ተቆልፈዋል። በከዘራው ወደ ጎዳናው ሌላ ጫፍ አመለከተና ከፊታቸው መሄድ ጀመረ። ሦስቱም ተከተሉት።

«ቫስኮ እባላለሁ» አለ እየሄደ፤ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ ለመንገዱ። «አትሰሙኝም፤ ደግ ነው። ለማይሰማ ሰው ማውራት ያሳርፋል። ደረጃው ስድሳ ሁለት ነው። እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ትናንት አምስት ጊዜ ወርጃለሁ። ዶክተሩ መንቀሳቀስ ጥሩ ነው ይላል፤ ለእሱ ምን ችግር አለው፣ ሊፍት አለው።»

ረጅሟ ሴት በምታውቃት አንዲት የጣልያንኛ ቃል፣ «ውብ ነው» አለችው።

«አዎ፣ በጣም ውብ ነው» አላት ቫስኮ።

አንድ ሞተር ሳይክል ከኋላቸው መጣ። ሽማግሌው የኦርኔላን እጅጌ ይዞ ወደ ግድግዳው ሳባት። «ተጠጊ ልጄ፤ እነዚህ ሰው አያዩም።» ሞተሩ ካለፈም በኋላ እጅጌዋን አልለቀቀም፤ መንገድ የማታውቅ ሰው አድርጎ ይመራታል። ይህን ጎዳና ኦርኔላ በስድስት ዓመቷ ደብተር ተሸክማ ተመላልሳበታለች። ቤቷ ከዚህ ሁለት መታጠፊያ ነው።

«ደረጃው ባልከፋ» አለ ቫስኮ። «የከፋው የሚስቴ የአርጂያ ነገር ነው። ሌሊቱን ዓይኗን አትከድንም፤ የምትተኛው አሁን ጠዋት ነው። ደወሉ በጮኸ ቁጥር እንግዳ መጣ ብላ ትነሳለች። ማን እንደሆነች እንኳ በወጉ አታውቅም፤ እንግዳ መቀበል ግን አልረሳችም። ፀጉሯን ታበጥራለች፤ የክት ቀሚሷን ትፈልጋለች። ባለፈው ሐሙስ ጫማዋን ስትፈልግ ወደቀች። ጎኗ እስከ ጭኗ ጠቁሯል። ደወሉን እንዳልነቅለው ነርሷ የምትገባው በሱ ነው። ማስታወቂያ ለጠፍኩ። እሱንም ፎቶ አነሱት፤ ከዚያ አንዱ ለማስታወሻ ገንጥሎ ወሰደው።»

ኦርኔላ ወደ መሬት አየች። የሽማግሌው የቤት ጫማ ተረከዙ ላይ አልቋል።

«ለማኅበሩም ጻፍኩ» ሲል ቀጠለ። «ሁለት ጊዜ። ባርታሌዚ የምትባል አለች፣ ለእሷ ሰጥተናል አሉኝ። ተማረች የተባለች ናት አሉ። እኔ የምለው፣ ያቺ ሴትዮ ሰፈር ውስጥ ኖራ ታውቃለች? ወይስ ካርታ ላይ ነው የተወለደችው?»

የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንብባው ነበር። ከተሰመረ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፤ «በእናንተ ወረቀት ምክንያት ሰው ቤቴ እየመጣ ይደውላል፣ ባለቤቴ ታማለች፣ ተዉን» የሚል። እንግዳ ማየት ከሚያስመርራቸው ሰዎች የአንዱ እሮሮ መሰላት። ሁለት የፊደል ግድፈት አይታበት ነበር፤ የግድፈቶቹን ቦታ ዛሬም ታስታውሳለች። የጎዳናውን ስም ግን አላየችም። ሁለተኛው ሲመጣ በፖስታው ላይ ያው የእጅ ጽሑፍ ስለነበረ ሳትከፍተው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አሁንም እዚያው አለ።

ልትናገር አሰበች። ከጎዳናው መጨረሻ በፊት እነግረዋለሁ አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ወደፊት ከሚታየው ዳቦ ቤት በፊት። ዳቦ ቤቱን አለፉት። በእያንዳንዱ እርምጃ የምትናገረው ነገር እየረዘመ፣ ያለፈው ዝምታዋም ተጨማሪ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሆነ።

ቀይ ሠላሳ አንድ ዘንድ ሲደርሱ ቫስኮ በከዘራው ጫፍ በሩን መታ። ጎስቶ ሽርጥ ታጥቆ ወጣ፤ ወርቅ ለባጩ እሱ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር የወርቅ ብናኝ አለ።

«ቫስኮ፣ ዛሬ ደግሞ በጠዋቱ ሦስት?» አለ። ከዚያ ዓይኑ ኦርኔላ ላይ አረፈ፤ ፊቱ በራ። «መምህርት? ምነው እርስዎ በገዛ ሰፈርዎ ከጎብኚ ጋር?»

ቫስኮ የኦርኔላን እጅጌ እንደያዘ ነው።

«አያውቋቸውም እንዴ?» አለ ጎስቶ ለሽማግሌው፤ በኩራት። «መምህርት ባርታሌዚ ናቸው እኮ። እኔን ከሁለተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ የጣሉኝ። ወረቀቱን የጻፉትም እሳቸው ናቸው።»

ቫስኮ እጁን ከእጅጌዋ ላይ አነሳ። በቁጣ አልነበረም፤ የሰው ዕቃ በስህተት ይዞ እንደተገኘ ሰው በቀስታ ነው ያነሳው።

«ታዲያ ሁሉን ሰምተዋል» አለ። እስካሁን አንቺ ይላት ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለች ኦርኔላ፤ አሁን በጠራ ቋንቋ። «ሲኞር ቫስኮ፣ እኔ…»

«ሚስቴ ብቻዋን ናት» አለና ዞሮ ሄደ።

ባልና ሚስቱ ግር ብሏቸው ፈገግ እንዳሉ ቆመዋል። ጎስቶ ወደ ውስጥ አስገብቷቸው ሲመለስ ኦርኔላ የሆነውን በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነገረችው። ራሷን ለመከላከል የሚሆን አራተኛ ዓረፍተ ነገር ነበራት፤ አልተናገረችውም።

ጎስቶ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ደግሞ ሽማግሌው ሰው መውደድ አብዝቶ ነው የሚያመጣቸው ብዬ። ለፋሲካ አንድ ጠርሙስ ወይን ሰጥቼ አመሰገንኩት። ወሰደና ምንም ሳይለኝ ሄደ።» ቀጥሎም፣ «ሰው ይሳሳታል፣ መምህርት» አላት፤ ሊያጽናናት። እሷ ግን እሱ ተማሪዋ ሳለ እንዲህ ብላው እንደማታውቅ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ወደ ጎዳናው ስትዞር ቫስኮ ገና ዳቦ ቤቱን አልፎ መሄዱ ነው። በአሥር እርምጃ ልትደርስበት ትችላለች። አልደረሰችበትም፤ እሱ ሲቆም እየቆመች፣ በእሱ ፍጥነት ከኋላው ሄደች። ዞር አላለም። ጥቁር ሠላሳ አንድን ከፍቶ ገባ፤ በሩ ተዘጋ፤ ከዚያ ያ እግር፣ ያ ከዘራ፣ ያ ዝምታ ወደ ላይ ሲወጣ ሰማች። ስድሳ ሁለቱንም ቆጠረች።

በሩ አጠገብ የናስ ደወል አለ፤ ከላዩ የሁለቱ ስም ተጽፏል። ይቅርታ የሚጠየቀው ደውሎ ነው፤ ሌላ መንገድ አታውቅም። ጣቷን እስከ ደወሉ አደረሰችና እንደገና መለሰችው። ብትደውል አንዲት አሮጊት ከላይ ፀጉሯን ልታበጥር ትነሳለች። ደብዳቤ ልጽፍ እችላለሁ አለች፤ ወዲያው መሳቢያዋ ትዝ አላትና ከዚያ ሐሳብም ወጣች። ማተሚያ ቤት ሄዳ ገጹን ማስለወጥ ትችላለች፤ ታስለውጣለችም። በየሆቴሉ ያለው ወረቀት ግን ዛሬም፣ ነገም ሰው ይዞ ይመጣል።

ገና ቆማ ሳለች ሦስት ወጣት ሴቶች ከድልድዩ በኩል መጡ። አንዷ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ቁጥር ትፈልጋለች። ኦርኔላ ደወሉንና እነሱን ለይታ በመካከል ቆመች። በእጇ አሳየቻቸው፤ አልገባቸውም፤ ስለዚህ እስከ ጎስቶ በር ወሰደቻቸው። ከዚያ እሷ ሳትኖር ሌላ ሰው ቢመጣስ የሚል ፍርሃት ያዛት። በስድሳ ሦስት ዓመቷ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ፣ በቪያ ዴሎ ስታዮ ሮጠች። የዳቦ ቤቱ ሴትዮ በሩ ላይ ወጥታ አየቻት፤ ኦርኔላ ያለወትሮዋ ሰላምታ ሳትሰጥ አለፈች።

እስከ ቀትር ድረስ አራት ጊዜ ተመላለሰች። ነርሷ መጥታ ደወለችና ገባች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጣች። ስትወጣ ኦርኔላን አየቻትና፣ «ማንን ፈልገው ነው?» አለቻት። ኦርኔላ፣ «ማንንም» አለች። ውሸት አልነበረም፤ ለራሷ ግን ውሸት መሰላት።

ጥላው ከጎዳናው ሲሸሽ የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተ። ቫስኮ በሁለት እጁ ተደግፎ ወደ ታች አየ።

«አሁንም እዚያው ነዎት?» አለ በለሆሳስ።

ኦርኔላ ጠዋቱን ሙሉ ቃል በቃል ያዘጋጀችው ነገር ነበራት። ቀና ብላ፣ «ሲኞር ቫስኮ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የቆምኩት። ደብዳቤዎችዎን…» ስትል ሽማግሌው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ ይበሉ» አለ። «ተኝታለች።»

ከጎዳና እስከ ሦስተኛ ፎቅ በሹክሹክታ የሚደርስ ይቅርታ የለም። ያዘጋጀችው ሁሉ፣ ስለ ደብዳቤዎቹ፣ ስለ ቀይ ቀለሙ፣ ከሁሉም ይልቅ ስለዚያ «አይገባኝ»፣ እዚያው ቀረ። ቫስኮ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጎዳናው ጫፍ ተመለከተ።

«ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ከድልድዩ አይደለም» አለ። «ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው፤ ምሳቸውን እዚያ ይበላሉ። እዚያ ጥግ ላይ ቢቆሙ ይሻላል። እዚህ ከሆነ ሳይደርሱባቸው ይደውላሉ።»

መስኮቱን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጁ ይዞ ዘጋው።

ኦርኔላ ወዳለው ጥግ ሄዳ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎልማሳ ከሁለት እህቶቹ ጋር መጣ፤ በአነጋገራቸው የቶሪኖ ሰዎች ናቸው። ስድስተኛውን ገጽ ገልጠዋል። ኦርኔላ ቀረበቻቸው።

«ይቅርታ» አለቻቸው፤ «ወረቀቱ ስህተት አለው።» ቀጥላም፣ «ስህተቱ የእኔ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። ሰዎቹ ቋንቋዋን ያውቃሉና ሁሉንም ሰሟት።

ጎልማሳው ጨዋ ነበር። «ምንም አይደለም ሲኞራ፤ ምን ችግር አለው» አላት።

«አለው» አለች ኦርኔላ፤ ከፊታቸው ሆናም ወደ ጎስቶ በር መራቻቸው።